የአባቴ ካርታ

በቤታችን ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ታሪክ አለ። የሚኖረውም ጠርዙ በተበላ የሲጋራ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላስቲክ ታስሮ ነው። ሃምሳ ሁለት ካርታ። በትክክል ይቆጠር ከተባለ ሃምሳ አንድ ካርታና አንድ የእኔ ኃጢአት፤ እሱን እመለስበታለሁ።

አባቴ ይህን ካርታ ባወጣ ቁጥር፣ ከመበወዙ በፊት ታሪኩን ያወራል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲለቅ እሱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ካዛንቺስ በአንድ ማሬሻሎ ቤት ተላላኪ። እንግሊዞች መጥተው ማሬሻሎውን ከሌሎች እስረኞች ጋር በካሚዮን ሊጭኑት ሲሉ ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ። ሰዓቱን አልሰጠውም፤ ገንዘብም አልሰጠውም። ካርታውን አወጣና «እንካ፣ እኔ ዕድሌን ጨርሻለሁ» አለው። አባቴ ይህቺን ቃል የሚናገራት በጣሊያንኛ ነው፤ እኛ ልጆቹ ከጣሊያንኛ የምናውቀው እሷን ብቻ ስለነበር እንደ ዳዊት እንደግማት ነበር። ታሪኩ ሲያልቅ ካርታው ይበወዛል፣ ይታደላል፣ ኮንከሩ ይቀጥላል። እማዬ ካርታን «የሰይጣን መጽሐፍ» ስለምትል በዚያ ሰዓት ወይ ጓዳ ናት፣ ወይ ጎረቤት።

አባቴ ካረፈ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በማተሚያ ቤት ነውና «የወረቀት ነገር እሱን ይገባዋል» ተብሎ ካርታው ለእኔ ደረሰ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ቢለኝ ቆርቆሮውን ከፈትኩና ካርታዎቹን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። የልብ አስ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እማዬ ቤት ስሄድ ዓይን ዓይኗን ማየት እያቃተኝ ተመለስኩ።

ያየሁትን አሁኑኑ ብናገረው አይገባም። ካርታ እንዴት እንደሚሠራና መንግሥታት ካርታን ምን ያደርጉት እንደነበር አስቀድሜ ማውራት አለብኝ።

ከኃጢአቴ ልጀምር። በ1971 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ የስፔድ ሰባትን ለሁለት ቀደዳት። አባቴ ልጁን አልመታውም፤ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ማተሚያ ቤት ትሠራ የለም እንዴ? አንዲት ካርታ ያቅትሃል?» አለኝ። እኔም ገና የጀመርኩ ጎበዝ ነበርኩና አያቅተኝም አልኩ። ብሪስቶል ወረቀት በልኩ ቆረጥኩ፤ ሰባቱን ስፔድ በቻይና ቀለም ሣልኩ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ሰማያዊ መረብ በቀጭን ብዕር ሦስት ሌሊት ስገለብጥ አደርኩ፤ በመጨረሻም ቫርኒሽ ቀባሁት። ለዓይን ምንም አይወጣለትም። አባቴ ካርታውን በወዘና ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ እየገፋ ያወርድ ጀመር። «ይቺ ናት» አለ። ናት። እንደገና በወዘ፤ «ይቺ ናት»። ሦስተኛም አገኛት። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው መጀመሪያ «ትከብዳለች» አለኝ፤ ቀጥሎ «አትንሸራተትም» አለ፤ ጥቂት አሰበና «ድምጿም ሌላ ነው» ብሎ ጨመረ። ቢሆንም አልጣላትም። እስከ ዛሬ ከነኃጢአቷ አብራ አለች። ከእሱ ጋር የሚጫወቱት ሁሉ የስፔድ ሰባት ማን እጅ እንዳለች ስለሚያውቁ በቤታችን ሕግ እሷን መጣል አይቻልም ነበር።

የካርታ ሥራ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናየው ፊቱን ነው፤ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ ልቡን። ሠሪው የሚጨነቀው ግን ለጀርባው ነው። ሃምሳ ሁለቱም በክብደት፣ በውፍረት፣ በልስላሴ፣ በቀለም አንድ ሆነው ጣት እንኳ እንዳይለያቸው ማድረግ አለበት። መጽሐፍ ስናትም አንዱ ገጽ ከሌላው ጠቆር ቢል አንባቢ ይቅር ይለናል። ካርታ ላይ ግን ይህ ሌብነት ነው።

የድሮው ካርታ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው እንደ ዳቦ ጋጋሪ በዱቄት ነው። ዱቄቱን በውኃ አፍልቶ ሙጫ ያደርገዋል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ሉክ ወረቀት ደራርቦ ያጣብቃል፤ ለፊቱ ጥሩ ነጭ ወረቀት፣ ለጀርባው ንጹሕ ወረቀት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ርካሽ ወረቀት። የመሐሉ ጥቁረት ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ካርታ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት በማታ፣ በሻማ ዙሪያ ነበር፤ ነጭ በነጭ ላይ ቢጣበቅ ቀዩ ልብ በሻማው ብርሃን ከጀርባ በኩል ይታይ ነበር። የተጣበቀው ሉክ በመጭመቂያ ሥር ገብቶ ውኃው ይወጣለታል፤ ገመድ ላይ ተሰጥቶም ይደርቃል።

ጥቁሩ መስመር የሚታተመው ከእንጨት በተፈለፈለ ቅርጽ ነው። ቀለሙ ግን በብሩሽ ነበር የሚቀባው። ዘይት ጠጥቶ የጠነከረ ወረቀት ላይ ቀዩ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ ወረቀቱን ሉኩ ላይ ያስቀምጡና ብሩሹን ያሳልፉበታል። ለቀዩ አንድ፣ ለቢጫው ሌላ፣ ለሰማያዊው ሌላ። ስቴንስል የምንለው ነገር ነው፤ ፈተና በስቴንስል የተባዛላቸው አንባቢዎች ጣታቸው ላይ የሚቀረውን ቀለም ያስታውሱታል። በመጨረሻም ካርታው ሳሙና በነካው ጨርቅ ይታሻል፤ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወላል፤ በትልቅ መቀስ ይቆረጣል፤ ነጠብጣብ ያለበት እየተለየ ይወጣል። ይህ ሁሉ ዲደሮ በ18ኛው መቶ ዓመት ባሳተመው ታላቅ ኢንሳይክሎፔዲያ ውስጥ ከነሥዕሉ አለ። ሥዕሉን ባየሁት ጊዜ የእኛን የጥረዛ ክፍል መሰለኝ፤ አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ይጫናል፣ አንዱ ይቆርጣል።

ሥዕሎቹ ከየት መጡ ለሚል ሰው፣ ወረቀትም ካርታም መነሻቸው ቻይና ነው ይባላል። ወደ አውሮፓ የገባው ካርታ ግን የመጣው ከማምሉኮች ግብፅ ነው፤ በዚያ ዘመን ለእኛ ጳጳስ ይላክልን ከነበረባት ግብፅ። ኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የተቀመጠ አንድ የማምሉክ ካርታ አለ፤ ሊዮ ማየር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 አግኝቶት 47ቱ ቅጠሎች ተርፈዋል። ምልክቶቹ አራት ናቸው፦ ሳንቲም፣ ዋንጫ፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ። ፖሎ ማለት ፈረስ ላይ ሆነው የሚጫወቱት ገና ነው ብንል የሚቀየም የለም። አውሮፓውያን ጨዋታውን ስላላወቁት ዱላውን ተራ ቆመጥ አድርገው ሣሉት፤ በጣሊያንና በስፔን ካርታ ላይ ዛሬም ቆመጥ ነው።

በማምሉክ ካርታ ላይ ሴት የለችም። ንጉሡ አለ፤ ከሥሩ «ናኢብ» ማለት ምክትሉ፣ ከእሱም ሥር ሁለተኛ ናኢብ። ስፔኖች እስከ ዛሬ ካርታን የሚጠሩበት ስም ከዚህ ቃል የመጣ ነው ይባላል። የምጽዋን ታሪክ ያነበበ ሰው የሕርጊጎን ናይብ ያስታውሳል፤ ቃሉ ያው ነው። አንዱ ባሕር ዳር ተቀምጦ ቀረጥ ይሰበስባል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ገንዘብ ይበላል።

ፍሎረንስ ከተማ ካርታን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1377 ነው። መቼም ያልተለመደ ነገር አይከለከልም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ተለምዶ ነበር ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች ዛሬ እኛ የምናውቃቸውን ምልክቶች አወጡ፤ ልብ፣ ዳይመንድ፣ ስፔድ፣ በእኛ ሰፈር አበባ የምንላት። ለእኔ ለአታሚው ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ጀርመኖች ቅጠሉንም ደወሉንም እየፈለፈሉ ሲደክሙ ፈረንሳዮች ሁለት ቀለምና አራት ቀላል ቅርጽ ይዘው በስቴንስል አንዴ ብሩሽ እያሳለፉ ጨረሱት። የረከሰ ነገር ያሸንፋል። የሩዋን ከተማ ሠሪዎች ካርታቸውን በመርከብ ወደ እንግሊዝ ላኩ፤ እንግሊዞች እሱን መገልበጥ ጀመሩ፤ ግልባጩን ደግሞ ሌላው ገለበጠ።

የልቡን ንጉሥ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሰይፉን ከራሱ ጀርባ የሻጠ ነው የሚመስለው፤ ፈረንጆች ራሱን የሚገድለው ንጉሥ ይሉታል። ሰውዬው ግን ራሱን የመግደል ሐሳብ አልነበረውም። በጥንቱ የሩዋን ካርታ ላይ የያዘው መጥረቢያ ነው። ገልባጩ ከገልባጭ ሲቀዳ የመጥረቢያው ስለት ከሥዕሉ ጠርዝ ወጥቶ ጠፋ፤ እጀታው ቀረ፤ ቀጣዩ ገልባጭ እጀታውን ሰይፍ አደረገው። ጺሙንም ከላይኛው ከንፈሩ ላይ የወሰደበት አንድ ሰነፍ ፈልፋይ ይሆናል። ሦስት መቶ ዓመት በግልባጭ የኖረ ሰው ይህም አንሶታል።

ጀርባው ለረጅም ጊዜ ባዶ ነጭ ነበር። ነጭ ደግሞ ጠላት ነው፤ የቡና ጠብታ፣ የጥፍር ጭረት፣ የጣት ወዝ ሁሉ ይመሰክርበታል። በዚያ ላይ የተበላሸ ካርታ ነጭ ጀርባው ለብዙ ነገር ይፈለጋል፤ ሰዎች ደረሰኝ ይጽፉበት፣ የግብዣ ጥሪ ያደርጉት ነበር። ዛሬ ካናዳ በምንላት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1685 የወታደር ደመወዝ የሚሆን ሳንቲም ከፈረንሳይ ሳይደርስ ቢቀር፣ ዣክ ደ ሜል የተባለው አስተዳዳሪ የመጫወቻ ካርታ ሰብስቦ ዋጋ ጻፈበትና ፈርሞ ገንዘብ ነው ብሎ ከፈለበት። ወታደሮቹ በዚያ ገንዘብ ምን እንደተጫወቱ ማሰብ ነው።

ቶማስ ደ ላ ሩ የሚባል የገርንዚ ደሴት ሰው እ.ኤ.አ. በ1831 ካርታን በማተሚያ መኪና በባለ ቀለም ለማተም የንጉሥ ፓተንት አገኘ። ኋላ በፖስታ ቴምብርና በገንዘብ ኖት ዓለም ያወቀው ድርጅት የተነሣው ከዚህ ነው። ስቴንስሉና ብሩሹ ቀስ በቀስ ተሰናበቱ፤ ጀርባው በመረብና በአበባ ጌጥ ተሞላ፤ እድፍ መደበቂያ አገኘ። ከዚያ የቀረው ሁሉ በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ተጨመረ። ተጫዋች ካርታውን ሲገለብጥ ምን እንደያዘ እንዳይታወቅበት ንጉሡ ሁለት ራስ ሆነ፤ በአንድ እጅ ዘርግቶ ለማየት ቁጥሩ ወደ ማዕዘኑ ወጣ፤ ማዕዘኑ እየታጠፈ ካርታውን ስለሚያሳብቅ ክብ ተደርጎ ተቆረጠ። ጆከር የአሜሪካኖች ጭማሪ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ አባቴም አይወደውም ነበር።

መንግሥታት በካርታ ላይ ሁለት ነገር አድርገዋል። አንደኛው ሥዕሉን መለወጥ ነው። የፈረንሳይ አብዮተኞች ንጉሣቸውን እ.ኤ.አ. በ1793 አንገቱን ከቆረጡ በኋላ በካርታ ላይ መንገሡም አላስቻላቸውም፤ ንጉሡን በጥበብ መንፈስ፣ ንግሥቲቱን በነጻነት፣ ጃኩን በእኩልነት ሥዕል ተኩ። ተጫዋች ግን እኩልነትን ከነጻነት በታች ይጥላት ጀመር፤ ነገሩም አላማረም፤ ናፖሊዮን ሲመጣ ነገሥታቱ ተመለሱ። በእኛ አገር በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር የካርታውን ንጉሥ ያስታወሰው የለም። በሰፈራችን የቀበሌው ጓዶች ሳይቀሩ ማታ ማታ በአራት ንጉሥ ይዘጉ ነበር።

ሁለተኛው ቀረጥ ነው። የእኔ ነገር ያለው እዚህ ነው።

እንግሊዝ ከ1711 ጀምሮ በእያንዳንዱ ካርታ ላይ ስድስት ፔንስ ቀረጥ ጣለች። ነገር ግን ሃምሳ ሁለት ቅጠል ላይ ማን ማኅተም ሲመታ ይውላል? ስለዚህ አንዲት ቅጠል ለምስክርነት ተመረጠች፤ የስፔድ አስ። ከ1765 ጀምሮ ሠሪው ሃምሳ አንዱን ያትማል፤ አሷን ግን የሚያትመው የመንግሥቱ የቴምብር መሥሪያ ቤት ነው፤ ሠሪው እየከፈለ ይወስዳል። ዛሬ የእንግሊዝ ካርታ ስታዩ የስፔድ አስ ከሌሎቹ ሁሉ የምትበልጠው፣ በጌጥ የምትንቆጠቆጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰዎች የሞት ምልክት ናት፣ የክፉ ዕድል ምልክት ናት ይላሉ፤ ነገር ግን የግብር ደረሰኝ ናት። ሞት አልነበረባትም ማለቴ ግን አይደለም። ሪቻርድ ሃርዲንግ የሚባል ካርታ ሠሪ የስፔድ አስን አስመስሎ አትሞ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ1805 ለፍርድ ቀርቦ ተሰቀለ። ስለ አንዲት ቅጠል። እኔ የስፔድ ሰባትን አስመስዬ ሠርቼ የደረሰብኝ የአባቴ ሣቅ ብቻ ነው። በ1862 ቀረጡ ወደ ሦስት ፔንስ ሲወርድ አሷ ለሠሪዎቹ ተመለሰች፤ እነሱ ግን ጌጧን አልቀነሱም፤ የየድርጅታቸውን ስም ጻፉበት። ቀረጡ ራሱ እስከ 1960 ቆይቷል።

ጣሊያኖችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እነሱ አዲስ አስ አላተሙም፤ ከሠሪው በወጣችው አስ ላይ ትንሽ የመንግሥት ማኅተም ይመቱባታል፤ በአገራቸው የጥንት ካርታ ከሆነ በሳንቲሟ አስ ላይ፣ በፈረንሳይ ምልክት ከሆነ በልቧ አስ ላይ። ይህ ቀረጥ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊት በአገራቸው የተሸጠ ካርታ የየትኛው መንግሥት ዜጋ እንደሆነ ደረቱ ላይ ተጽፎበታል።

የአባቴ ካርታ የሞዲያኖ ሥራ ነው። ሳውል ሞዲያኖ ከሳሎኒካ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ትሪየስቴ ከተማ ላይ በሲጋራ ወረቀት ጀምሮ ወደ ካርታ ተሻገረ። ትሪየስቴ ያን ጊዜ የኦስትሪያ ነበረች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ሆነች። የማሬሻሎ ኪስ ውስጥ የትሪየስቴ ካርታ መገኘቱ እንግዲህ የሚያስገርም አይደለም። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማጉያውን ይዤ የልቧን አስ ስመለከት፣ በአባቴ አውራ ጣት ወዝ ሥር አንድ ደብዛዛ ማኅተም አየሁ። ልጅ ሆነን እድፍ ይመስለን ነበር። መጀመሪያ «ሬ» የሚለው ተነበበልኝ። «ሬኞ ዲታሊያ» ብዬ በልቤ ጨረስኩት፤ የኢጣልያ መንግሥተ ንጉሥ። ማጉያውን ጠጋ ሳደርገው የሚቀጥለው ፊደል ሌላ ሆነ። «ሬፑብሊ» ይልና ይጠፋል።

ጣሊያን ንጉሧን አሰናብታ ሪፐብሊክ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1946፣ በእኛ 1938 ዓ.ም. ነው። ማሬሻሎው ካሚዮን ላይ ከወጣ አምስት ዓመት በኋላ።

ሰው የሚወደውን ታሪክ በቀላሉ አይለቅም። ምናልባት አሷ ብቻ ከሌላ ካርታ ገብታ ይሆናል አልኩ። እንደኔዋ ሰባት። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ አባቴ በወዝኩና በአውራ ጣቴ ወረድኩ። የቆመችብኝ ያቺው የኔዋ ጉድ ብቻ ናት፤ አሷ እንደ እህቶቿ ሆና አለፈች። ክብደቷም፣ ልስላሴዋም፣ ድምጿም። ካርታው አንድ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፤ ማሬሻሎ የሚባል ሰው አልነካውም።

አባቴ ቁማርተኛ ነበር ቢሉኝ አልደነግጥም፤ አውቃለሁ። ውሸታም ነበር ማለት ግን ከበደኝ። በእሱ ቤት ውሸት የተያዘበት ልጅ እራት አይበላም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማሬሻሎው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከነካሚዮኑ አለ፤ ቄሱም ሰምተው ራሳቸውን ነቅንቀዋል። ለታላቅ እኅቴ ስልክ ደውዬ ብነግራት «ተው እባክህ፤ ዘጠና ዓመት ሊሞላት ነው፤ ያላት እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። ተውኩ። ሁለት ሳምንት ተውኩ።

በሦስተኛው እሑድ እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬም ቡናዋን ራሷ ካላፈላች አይሆንላትም። ዝም ብዬ ልመለስ አስቤ ነበር፤ እሷ ግን «ምን ሆነሃል፣ ምን የደበቅኸው አለ?» አለችኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ ካለች መደበቅ የለም።

«እማዬ፣ የአባዬ ካርታ...»

«ምን ሆነች?»

«ማሬሻሎው የሰጠው አይደለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተሠራ ነው። ማኅተሙን አየሁት።»

ጀበናዋን ከምድጃው አንሥታ ማቱ ላይ አስቀመጠች። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የማሬሻሎውንማ እኔ ነኝ ያቃጠልኳት።»

ከዚያ ነገረችኝ። 1949 ዓ.ም. ነበር፤ እኅቴ የአራት ወር አራስ ናት። አባቴ የወር ደመወዙን ተቀብሎ ደጃች ውቤ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት አድሮ ሊነጋጋ ሲል ባዶውን ገባ። ከነጫማው ተኛ። እሷ ኮቱን ስትፈትሽ ያገኘችው ካርታውን ብቻ ነው። «ገንዘቡ ሄዶ ይቺ መመለሷ ነደደኝ» አለች። ከሰል አያያዘች፤ ካርታውን በትናትና እሳቱ ላይ ነዛችው፤ በላዩ ቡና ቆላች። አባቴ በቡናው ሽታ ነቃ። ምድጃው ውስጥ የአንዱ ንጉሥ ፊት ተኮማትሮ ይታይ ነበር። አየ። ምንም አላለም። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ተቀመጠ፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣ።

«ሦስቱንም?» አልኳት።

«ሦስቱንም። ስኒውን ሲመልስልኝም እጄን ሳመኝ።»

ወራት ቆይቶ አንድ ጋራዥ ያለው ጣሊያን ወዳጁ አገሩ ደርሶ ሲመለስ አዲስ ካርታ አመጣለት። ጎረቤት በተሰበሰበበት አወጣት። ሰዎቹ «ያቺ የማሬሻሎው ናት?» ሲሉት ወደ እማዬ አየ። ከዚያ ታሪኩን እንደወትሮው ጀመረ፤ ካዛንቺሱን፣ ካሚዮኑን፣ ጣሊያንኛዋን።

«ምን ልበል?» አለችኝ። «ሚስቱ አቃጠለችበት ከሚባል እሷው ናት ቢል ይሻላል ብሎ ነዋ። እኔን ደበቀኝ፤ እኔም ዝም አልኩለት። በገንዘብ መጫወቱንም ተወ።» ጥቂት ቆየችና «እቤት ውስጥ» ብላ ጨመረችበት።

እኔ ለካ ያን ሁሉ ዘመን ታሪኩ ሲጀመር ጓዳ የምትገባው ሰይጣንን ሸሽታ ይመስለኝ ነበር።

አሷን ይዤላት ሄጄ ነበርና ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። በሕይወቷ ካርታ ስትይዝ አይቻት አላውቅም። በሁለት ጣቷ መሐል አድርጋ እንደ ነጠላ ጥለት አሸት አሸት አደረገቻት።

«ይቺ ቀጭን ናት» አለች። «የፊተኛዋ ትወፍር ነበር። ቶሎ እሺ ብላ አልነደደችም እኮ። መጀመሪያ ፊቷ ተላጠ፤ ከዚያ አንዷ ካርታ ሦስት ሆና ተገለጠች፤ የመሐሏ ጥቁር ነበረች። እኔ አንድ ወረቀት ይመስለኝ ነበር። በምንድን ነው የሚያጣብቋት?»

«በዱቄት» አልኳት።

ሣቀች። «ለዚያ ነዋ ቤቱ ዳቦ ዳቦ የሸተተው» አለችና ቶናውን ቀዳችልኝ።